“ጫ” አልል ያለው ኪቦርድ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በእግሩ ሲሄድ ያየሁት እንቁላል ግን እስከ ዛሬ የለም። ያየሁት ሁሉ ወይ ተቀቅሏል፣ ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ጫጩት ሆኗል። ጫጩት ከሆነ ደግሞ የሄደው ጫጩቱ ነው እንጂ እንቁላሉ አይደለም። ተረቱን ማን እንደፈጠረው ባላውቅም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን እገምታለሁ፤ አንድ ማኅተም ለመምታት ሦስት ቀን የሚያመላልስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆን አለበት። ቀርፋፋ ሰው ቀርፋፋነቱን ጥበብ ብሎ ሲጠራው እንደ መስማት የሚያቃጥለኝ ነገር የለም።

እኔ ፈጣን ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ስንሠለጥን አስተማሪያችን እጃችንን በጨርቅ እየሸፈኑ ያስጽፉን ነበር፤ ፊደል በዓይኑ የሚፈልግ ጸሐፊ አፉ የት እንዳለ በመስተዋት እያየ እንደሚጎርስ ሰው ነው ይሉን ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ፊደል ፈልጌ አላውቅም። መቱ ከተማ በመንግሥት ቢሮ ተቀጥሬ ስሠራ የቢሮው ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ፊደሉም ቁቤ ሲሆን “አሁን ጽጌ አለቀላት” ያሉ ነበሩ። በሁለት ሳምንት ቁቤውን ለምጄ ከሁሉም ቀድሜ ስጽፍ አዩና ምላሳቸውን ሰበሰቡ። ጡረታ ስወጣም ቤቴ አልተቀመጥሁም፤ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈት ሱቅ ከፈትሁ።

ማውስ የሚባለውን ነገር አልወድም። በጽሕፈት መሃል እጅን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ መጎተት የሰነፍ ሥራ ነው። ማውሴ ገመድ የሌላት ነበረች፤ ባትሪዋን አውጥቼ ለግድግዳ ሰዓቱ ሰጠሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካዋን ትንሿን መቀበያዋንም ከቆሻሻ ጋር ጠርጌ ጥያት ይሆናል፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ሁሉን ነገር በኪቦርድ ነው የምሠራው። የጻፍሁትን በየመሃሉ ማስቀመጥም አላውቅበትም፤ ጽሑፍ የሚቀመጠው ሲያልቅ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን በየደቂቃው “ሴቭ” እያለ የሚርበተበት ማን ነበር?

ኮምፒውተሩን የሚጠግንልኝ ቶሌራ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ቦርጭም አውጥቷል፣ ግን እስካሁን የሚያውቀው መድኃኒት ሁለት ብቻ ነው፦ “አጥፍተው ያብሩት” እና “ገመዱን ነቅነቅ ያድርጉት።” በዚህችው እውቀት ሰው ኢንጂነር ይለዋል። ደንበኞቼ በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ቢያስቸግረኝ የነበረውን ፕሮግራም ነቅሎ ሊኑክስ የሚሉትን ጫነልኝ። ነጻ ነው፣ ቫይረስ አይደፍረውም፣ ስታክም አያደርግም አለኝ። ስታክ ማለት ኮምፒውተር በሥራ መሃል ድርቅ ብሎ አልታዘዝም ሲል ነው። አያደርግም ያለውን ልብ በሉልኝ።

እውነቱን ለመናገር ሊኑክሱ ደኅና ነበር። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ወሬ ያበዛል። በየሰዓቱ ከስክሪኑ ጥግ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ብቅ ያደርጋል፤ ይህ ይታደስ፣ ያ ታድሷል፣ ይህ ተሰክቷል፣ ያ ተነቅሏል። የእኔ መርሕ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ማሽን እኔ የጻፍሁትን ያነባል እንጂ እኔ ማሽን የጻፈውን አላነብም። ብቅ ሲል ዓይኔን አዞራለሁ፤ ተናግሮ ሲወጣለት ራሱ ይጠፋል።

በዚህች ሱቅ ውስጥ የማልጽፈው ነገር የለም። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ ሁሉ በጣቴ ያልፋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀብር ላይ የሚነበበው የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። ማመልከቻ ላይ ሰው የሚዋሸው ስለ ራሱ ነው፣ ያውም ብቻውን። በሕይወት ታሪክ ላይ ግን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ፣ ተስማምቶ ስለ ሌላ ሰው ይዋሻል፤ ባለቤቱ ተነሥቶ አያርማቸው። ስንቱን ጨካኝ “ርኅሩኅና ለሰው አዛኝ” ብዬ የጻፍሁ ሴት ነኝ። እዚያ ላይ ስሙ የገባ ገባ፣ የቀረ ቀረ።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ደምሴ ሞቱ። የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አባታቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ የከተሙ፣ እርሳቸው ግን እዚሁ የተወለዱ። ቀብራቸው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነና በዚያው በቀብሩ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ታሪካቸውን የሚያስጽፉ ሦስት ሰዎች ሱቄ ገቡ። አንደኛው የዕድሩ ዳኛ ጋሼ በቀለ ናቸው፤ ጸጥ ያሉ ሰው። ሁለተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ጋሼ ኃይሉ፤ እሳቸው እንኳ ጸጥ ብለው አያውቁም። ሦስተኛዋ ጫልቱ ነች፤ ከያዮ በሚኒባስ ስትንገላታ መጥታ ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። እሷ አልተቀመጠችም፤ ጃንጥላዋን እያንጠባጠበች በሩ ሥር ቆመች።

ጫልቱ ማን ነች? የጋሼ ደምሴ የመጀመሪያ ልጅ ነች። ጎረምሳ ሳሉ ቡና ሊገዙ ያዮ ሲመላለሱ ከአንዲት የያዮ ሴት ወለዷት፤ ከዚያ መቱ ላይ እትዬ አሰለፈችን በሥርዓት አገቡና ሦስት ልጆች ወለዱ። ጫልቱ እናቷ ዘንድ አደገች፤ ዛሬም ጫካ ውስጥ ቡና ትለቅማለች። በየእንቁጣጣሹ ከአባቷ ልብስ ይላክላት ነበር፣ ያውም በሹፌር እጅ። መቱ ያውቃታል፣ ያዮ ያውቃታል፤ የማያውቃት ወረቀት ብቻ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ግን እትዬ አሰለፈች፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በለቅሶተኛው ሁሉ ፊት “የልጄ ታላቅ ናት፤ ስሟ ይጻፍ” አሉ። አማቻቸውን ጋሼ ኃይሉን ስለሚያውቋቸው ደግሞ “አንቺም አብረሽ ሂጂ፣ ሲጻፍ በዓይንሽ እዪ” ብለው ላኳት።

ተጀመረ። የጋሼ ደምሴን አባት ጋሼ ኃይሉ “ባላምባራስ” ይባሉልኝ አሉ፤ ጋሼ በቀለ እኔ የማውቃቸው ጭቃ ሹም ሳሉ ነው አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረው “የአካባቢው ታዋቂ ሰው” በሚለው ታረቁ። ሟቹ ለትምህርት ቤት ያዋጡት የቆርቆሮ ቁጥርም እንደዚሁ ሌላ ሰዓት በላ። እኔ እነሱ ተናግረው ሳይጨርሱ እየጻፍሁ፣ እየቀደምኋቸው፣ ሲጨቃጨቁ ኮርኒሱን እያየሁ ሁለት ገጽ ተኩል ደረስሁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን “አቶ ደምሴ ባለትዳርና የ…” የሚለው ላይ ደረስን። የሦስት ወይስ የአራት ልጆች አባት?

ጋሼ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ነገሩን ሳይሆን አቀራረቡን ነው የምለው አሉ፤ ሊክድ የተዘጋጀ ሰው ሁሉ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ቀብሩ ላይ ከሩቅ የመጣ ዘመድ አለ፣ ሐዘን ላይ ያለች ሴት የተናገረችው ቃል አይያዝም፣ ደግሞስ ሦስት ቢባል ማንን ይጎዳል? ጋሼ በቀለ ቆጥረው “አራት” አሉ። አራት ብዬ ጻፍሁ። “ልጆቻቸውም፦” አልሁና ጠበቅሁ።

የመጀመሪያው ስም የታላቂቱ ነው። በኪቦርዱ ላይ ቸ እና ጨ አንድ ቁልፍ ናቸው፤ ሺፍት የምትባለው ቁልፍ ከተያዘች ጨ ይሆናል፣ ካልተያዘች ቸ። እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ መጠበቅ ልማዴ ስለሆነ የቀኝ እጄን ትንሿን ጣት ሺፍት ላይ ተጭኜ “ጫ” ልል ተሰናዳሁ። ክርክሩ ግን እንደ ገና ፈነዳ። ጋሼ ኃይሉ እሺ ትግባ፣ ግን በመጨረሻ ትሁን አሉ። ጋሼ በቀለ ታላቅ ታላቅ ነው አሉ። ጋሼ ኃይሉ እንግዲያው በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተብላ ትግባ፣ ለሰሚም ያምራል አሉ። ወለተ ማርያም የምትባል ሴት ያን ሁሉ ለቅሶተኛ አልፋ ብትሄድ ጫልቱ መሆኗን ማን ያውቃል? ሐሳቡም ይኸው ነበር። በዚህ መሃል ኮምፒውተሩ አንዴ ጢጥ አለ፤ ጥጉ ላይ የተለመደው የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ብቅ አለ። እንደ ልማዴ ዓይኔን አዞርሁ።

በመጨረሻ ጋሼ በቀለ ወደ በሩ ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ አሏት። “ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው” አለች ጫልቱ፤ “እናቴ ሌላ ብላኝ ነበር። አባቴ ነው ጫልቱ ያለኝ።” ጫልቱ በኦሮምኛ የምትበልጥ እንደ ማለት ነው። ጋሼ ኃይሉ ኦሮምኛው ከእኔ ይልቅ ይገባቸዋልና ክርክሩን ተዉት። ጋሼ በቀለ ወደ እኔ ዞረው “ጻፊ” አሉ።

መታሁት። ምንም የለም። እንደ ገና መታሁ። “ልጆቻቸውም፦” ከሚለው ቀጥሎ ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ፊደል ግን የለም። ሌላ ፊደል ሞከርሁ፣ ቁጥር ሞከርሁ፣ አሥሩንም ጣቴን አወረድሁበት። ስታክ አያደርግም የተባለው ኮምፒውተር ፊቴ ላይ ድርቅ ብሎ ተቀምጧል።

መቼስ ሞቷል እንዳልል በስክሪኑ ጥግ ያለችው ሰዓት ትሄዳለች። ሰባት ከሃያ የነበረው ሰባት ከሃያ አምስት ሆነ። ይሰማል ማለት ነው፤ አውቆ ነው የማይመልሰው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው ነው። ኪቦርዱን ገልብጬ አራገፍሁት፤ የዳቦ ፍርፋሪ ወረደ፣ ፊደል አልወረደም። ከሳጥን ውስጥ አሮጌውን ኪቦርድ አውጥቼ ሰካሁ፤ እሱም እንደ ባልንጀራው ዲዳ ሆነ። ከጎረቤት ማውስ እንዳልዋስ የመንገዱ ሱቅ ሁሉ ለቀብሩ ተዘግቷል። በግድግዳዬ ላይ የማውሷ ባትሪ በሰዓቱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆጥርልኛል።

ቶሌራ ጋ ደወልሁ። የሁሩሙ ገበያ ቀን ነበርና ማር ሊገዛ ሄዷል፤ ከጀርባው የሚጯጯኸው ገበያተኛ ከእሱ ይልቅ ይሰማኛል። ገመዱን ነቅነቅ አድርገውታል? አለ። አድርጌዋለሁ አልሁ። ሦስት ቁልፍ ባንድነት ይጫኑ ብሎ ነገረኝ፤ በመብረቅ ፍጥነት ተጫንሁ፣ ምንም። ሌላ ሦስት ነገረኝ፤ ከዚያም ባሰ ፍጥነት ተጫንሁ፣ ምንም። እንግዲያው ሲስተሙ ነው፣ አጥፍተው ያብሩት አለ። የጻፍሁትስ? ምናልባት ራሱ አስቀምጦት ይሆናል አለኝ። ምናልባት! ሰው ቀብር ላይ ቆሞ “ምናልባት” ተብሎ ይነበብለታል? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ከስክሪኑ በእጄ እንዳልገለብጥ የሚታየው የመጨረሻው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ለማውጣትም ቁልፍ ያስፈልጋል። ይኸኔ ጋሼ ኃይሉ ከወንበራቸው ተነሡ። ፊታቸው ላይ ሐዘን አልነበረም። አያችሁ? አሉ፤ እስከ ስሟ ድረስ ሲጽፍ ውሎ ስሟ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ማሽን እንኳ አልቀበልም አለ። ይህ የሟቹ ፈቃድ ነው። አጥፉትና እኔ በእጄ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፣ አጠር አድርጌ። ምኑን እንደሚያሳጥሩት ከእኛ ውስጥ ያልገባው የለም። ጋሼ በቀለም ይህን የመሰለ ምልክት ሲመጣባቸው ጥርጥር ገባቸው መሰለኝ፣ ከዘራቸውን ያገላብጡ ጀመር። ከሰዓቱ አንጻርስ ምን ይበሉ? ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። መብራቱም አንዴ ጭልም ብሎ ተመለሰ፤ መቱ ክረምት ላይ መብራት እንዲህ ካስጠነቀቀ ቆይቶ አይቆይም።

ጫልቱን አየኋት። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ጃንጥላዋን ብቻ አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። የሰውዬው ተንኮል አንድ ነገር ነው፤ የሸክላ ድስት ያህል አእምሮ የሌለው ዕቃ ለእሳቸው ሲመሰክር ማየት ግን ሌላ ነው። ኪቦርዱን በሁለት እጄ ደበደብሁት። በሕይወቴ ያን ያህል ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም።

“ሱታ፣ እትዬ” አለችኝ። ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት! የሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ነኝ፤ ኪቦርድ ነክታ የማታውቅ ቡና ለቃሚ ቀስ በይ ትለኛለች። እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ሱቄ ድረስ መጣ። በንዴት ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁና እንግዲያው ነይ አንቺ ጻፊው፣ ከዚህ በላይ አይሞትም አልኋት። ምጸት ነበር። እሷ ግን ቀርባ የትኛው ነው አለችኝ። ይህችን ይዘሽ ይህችን፣ ከዚያ ይህችን ብዬ በጣቴ አሳየኋት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አንድ ጣቷን ሺፍት ላይ አሳረፈች፣ ሌላዋን በ‘ጨ’ ቁልፍ ላይ፣ ተጫነችም። አነሣች እንዳትሉ፤ ፍሬው በስሏል ወይስ አልበሰለም እንደሚል ለቃሚ ጣቷን እዚያው አቆየችው። ስክሪኑ ላይ “ጭ” የምትል ፊደል ወጣች። ቀጣዩን ተጫነች፤ ጭ ወደ ጫ ተለወጠች። ከዚያ ል። ከዚያ ቱ።

ጋሼ ኃይሉ አማተቡ። እኔ ጫልቱን በክንዴ ገፍቼ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ጣቴን አወረድሁ፤ ምንም። ድጋሚ መታሁ፤ ምንም። ጫልቱ እጇን ዘርግታ አንዲት ቁልፍ ተጫነች፤ ወጣ። ጋሼ በቀለ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ አደረጉና ኃይሉ፣ ማሽኑ እምቢ ሲል የሟቹ ፈቃድ ነው ብለሃል፣ አሁንስ የማን ፈቃድ ነው? አሏቸው። ጋሼ ኃይሉ እንደ ገና አማተቡና መጥተው ከጫልቱ ኋላ ቆሙ።

የቀረውን ሁሉ የጻፈችው እሷ ነች። እኔ ቁልፉን እያሳየኋት፣ እሷ እየተጫነች፣ የአበራን፣ የሰናይትን፣ የዮናስን ስም አንድ በአንድ ከራሷ ስም በታች አስገባች። አጎትየው ከትከሻዋ በላይ ቆመው የእነዚያን ልጆች ስም ፊደል ስትለቅም እንዳትስት ይጠብቃሉ። ሕጋዊዎቹ ልጆች ወደ ወረቀት የገቡት ባልተፈለገችዋ ጣት ነው ማለት ነው። “ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን” ላይ ስትደርስ እኔ በአምስት ሰከንድ የምጨርሰውን ሩብ ሰዓት ፈጀችበት፤ ከንፈሬን ነክሼ ቻልሁት። ማስቀመጥም ማተምም የሚቻለው ቁልፍ በመያዝ ነውና እሷው አስቀመጠች፣ እሷው አተመች። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ።

ቀብሩ ላይ ዝናብ ነበር። ጋሼ በቀለ በጃንጥላ ሥር ቆመው አነበቡ። “ልጆቻቸውም፦ ጫልቱ ደምሴ” ሲሉ እትዬ አሰለፈች ከለቅሶው መሃል እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጫልቱን ጎተቱና አጠገባቸው አቆሟት። እኔም አለቀስሁ። ለጋሼ ደምሴ ነው ብላችሁ እለፉት።

ቶሌራ ሰኞ ዕለት ማሩን ይዞ ከሁሩሙ ተመለሰ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ሳቀ፤ ሰው ሲስቅብኝ እንደማልወድ እያወቀ። እትዬ ጽጌ፣ ሺፍትን ስምንት ሰከንድ ያህል ይዘው ነበር እንዴ? አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያንን ቁልፍ አንድ ሰው ስምንት ሰከንድ ሳይለቅ ከያዘ ሊኑክሱ ‘ይህ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ቁልፍ የሚስት ምስኪን ነው’ ብሎ ያስባል። ከዚያ ወዲያ ለሐዘኔታ ሲል ፈጥኖ የተነካውን ሁሉ በስሕተት ነው ብሎ ይተወዋል፤ ረጋ ብሎ የተያዘውን ብቻ ይሰማል። ማለትም ከመቱ ጸሐፊዎች ሁሉ ፈጣኗን እኔን፣ አርጅታ እጇ የምትርድ ብሎ አዘነልኝ! ቶሌራም፣ ሊኑክሱ ይህንኑ በስክሪኑ ጥግ በግልጽ እንግሊዝኛ ጽፎ ነግሮዎት ነበር፣ አላነበቡትም? አለ። መርሔን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተውሁት። እሱም ያችን ነገር አጠፋት፤ ሺፍትን ስምንት ሰከንድ ከያዙ ግን ትመለሳለች ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እስከዚያ ግን ወሬው ከተማውን ዞሮ ጨርሷል። ማን አዞረው? ጋሼ ኃይሉ ናቸዋ! ወንድሜ ከሞተ በኋላ የጫልቱን ልጅነት በኮምፒውተር መሰከረ እያሉ በየሄዱበት ያወሩታል፤ ስሟ ይግባ ብዬ የተሟገትሁት እኔ ነኝ ማለትም ጀምረዋል። በሁለተኛው ሳምንት ከሁሩሙ አንድ ሰውዬ ሁለት ጎልማሶች አስከትሎ መጣና ልጅ የሚለየው ኮምፒውተር እዚህ ነው ወይ አለኝ። አባታቸው አንድ ነው የሚሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይንኩትና ይለይልን አለ። ቁጭ አድርጌ እውነቱን አስረዳሁት፤ ሺፍቱን፣ ስምንቱን ሰከንድ፣ ሁሉን። በትዕግሥት ሰማኝና ኦሮምኛ የማልሰማ መስሎት ወደ ጎልማሶቹ ዘንበል ብሎ “መታኣ ባርባዲ” አላቸው። ጉቦ ፈልጋ ነው ማለቱ ነው። እውነት ለሚናገር ሰው ትርፉ ይህ ነው።

አርባው ሲቃረብ እትዬ አሰለፈች የጥሪውን ወረቀት እንድታስጽፍ ጫልቱን ላኳት። ከያዮ ጫካ ማር ይዛልኝ መጥታለች፤ አሁን በሩ ሥር አልቆመችም፣ ገብታ ተቀመጠች። መሬት መሬት እያየች “እትዬ፣ እውነት አባቴ ነው?” አለችኝ። እኔ የሰው ጅልነት የማይዋጥልኝ ሴት ነኝ። ቡዳ፣ ምልክት፣ ሕልም ሲባል ከንፈሬ ራሱ ይጣመማል። እውነቱም አፌ ላይ ነበር፤ ቶሌራ እንደነገረኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ኪቦርዱ እንደሆነ ተስተካክሏል፣ አሁን ለማንም ይታዘዛል።

ቆዪ፣ ኮምፒውተሩን ላሰናዳው አልኋት። የቀኝ እጄን ትንሿን ጣት ሺፍት ላይ አሳረፍሁና በልቤ እስከ ስምንት ቆጠርሁ። ጢጥ አለ። ጥጉ ላይ ማስታወሻው ብቅ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ከዚያ ጫልቱ እያየችኝ በሙሉ ፍጥነቴ ኪቦርዱን ደበደብሁት፤ አንዲት ፊደል አልወጣችም። ከወንበሬ ተነሣሁ።

“ይኸው፣ ዛሬም እኔን እምቢ ብሏል” አልኋት፤ “ነይ፣ ሱታ ብለሽ ጻፊው።”